ቤቱ የማን ነው?

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚሻው መጠጊያ ቤት ነው። ቤት የሠራ ወይም የገዛ ሰው ቁልፉን በእጁ ከያዘ፣ ውሉንም በሣጥኑ ካኖረ በኋላ «ይህ የእኔ ነው» ይላል፤ ንግግሩም በሕግ ዘንድ እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱ በድንጋይ የተሠራ እንደ ሆነ ከባለቤቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። የፊተኛው ባለቤት ያልፋል፤ ሁለተኛው ይገባል፤ እርሱም በተራው «የእኔ ነው» ይላል፤ ከእርሱም በኋላ ሦስተኛው ይመጣል። አንድ አሮጌ ቤት ይህን አንድ ቃል ከብዙ ሰዎች አፍ ሰምቷል። እንግዲህ ቤት የማን ነው? ባለቤትነት ማለትስ ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከምንመረምረው በአንድ በታወቀ ቤት ታሪክ ብንመለከተው ይሻላል ብለን አሰብን።

በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ዳርቻ፣ ወደ ኬልስተን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ፌርፊልድ የሚባል ቤት አለ። የተሠራው ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት ዘመን፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝን አገር ነገር ስናነሣ በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ነገር ስናነሣ በአገራችን አቆጣጠር ስለምንጽፍ የፊተኛውን «እ.ኤ.አ.» በማለት እንለየዋለን።) ንግሥቲቱ ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ስለ ነገሠች፣ በዚያ ረጅም ዘመን የተሠሩት ቤቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ በስሟ «የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች» ይባላሉ። ፋብሪካና ንግድ፣ የባቡር ሐዲድና የባሕር ማዶ ግዛት ገንዘብን ወደ አገሪቱ ያጐረፉበት ዘመን ስለ ነበረ፣ መሳፍንት ያልሆኑ ነጋዴዎችና ጠበቆች እንኳ የትንሽ መስፍን ግቢ የሚመስል ቤት ይሠሩ ጀመር። በየክፍሉ የድንጋይ ከሰል የሚነድድበት ምድጃ፣ ለአሽከሮችና ለገረዶች የተለየ ደረጃና የተለየ ክፍል፣ በውጭም የአትክልት ስፍራ ያለው ቤት ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያኖረው ግን ድንጋዩ ብቻ አልነበረም፤ ከሰል የሚሸከሙ፣ ውኃ የሚያሞቁ፣ ወለል የሚወለውሉ የብዙ ድሆች እጆች ነበሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነዚያ እጆች ሌላ ሥራ ሲያገኙ፣ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሟች ንብረት ላይ የተጣለውም ግብር እየከበደ ሲሄድ፣ ወራሾች ቤቱን ለመያዝ እያቃታቸው ይሸጡት ጀመር። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ የሕመምተኞች ማረፊያ ሆኑ፤ ብዙዎቹም ተከፋፍለው ለብዙ ቤተ ሰብ ተከራዩ፤ የቀሩትም ፈረሱ።

ፌርፊልድ የተሠራው የማር መልክ ባለው በባዝ ድንጋይ ሲሆን፣ አሠራሩ በዚያ ዘመን የኢጣልያ አሠራር ይባል የነበረው ነው። የእንግሊዝ ሀብታሞች የኢጣልያን አገር የገጠር ግቢዎች አይተው እየወደዱ ሲመለሱ፣ ጣራው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ከላይ እንደ ቀስት የጎበጠ ቤት በዝናባማው አገራቸው ማሠራት ልማድ ሆኖባቸው ነበር። ይህን ያለ ምክንያት አላነሣነውም፤ ወደ ፊት የሚገባበትን ሰው ስናይ አንባቢው ራሱ ነገሩን ይረዳዋል።

በእንግሊዝ ሕግ ቤት የሚሸጥ ሰው ባለቤትነቱን የሚያስረዳው በአሮጌ ጽሑፎች ነበር። እገሌ ለእገሌ እንደ ሸጠ፣ እገሌም ለልጁ እንዳወረሰ የሚናገሩ፣ በብራናና በወፍራም ወረቀት የተጻፉ፣ በጥብጣብ የታሰሩ ውሎች ከሻጭ ወደ ገዥ ይተላለፉ ነበር። የገዥው ጠበቃም እነዚያን ጽሑፎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይመረምራል። ወደ ኋላ ስንት ዓመት? በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሠላሳ ዓመት በቂ ነው አለ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይህ ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት ዝቅ አለ። ከዚያ በፊት የነበረውን ባለቤት ሕጉ አይጠይቅም፤ ለማወቅም ግድ የለውም። በዚያ ቤት የተወለደ፣ ያገባ፣ ወላጆቹን የቀበረ፣ የቤቱን ደረጃ በጨለማ እንኳ ሳይሰናከል የሚወጣ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሕግ ዘንድ እንዳልነበረ ይቈጠራል። ይኸውም ሕጉ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሕግ የሚሻው የዛሬውን ባለመብት ማወቅ ስለ ሆነ ነው። ይልቁንም የዚያው አገር ሕግ ጥንታዊ መሠረት፣ መሬት ሁሉ በመጨረሻው የዘውዱ ነው፤ ሰው የሚገዛው መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ ላይ ያለውን መብት ነው የሚል ነው። ስለዚህ ቤቴ ነው ብሎ በሩን የሚዘጋው እንግሊዛዊ እንኳ በሕጉ ቋንቋ ያዥ እንጂ ፍጹም ባለቤት አይደለም።

አባቶቻችንም ይህን ነገር ሳያውቁት አልኖሩም፤ በቃላቸውም ለይተውታል። ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ ባለርስቱም ያርሰዋል፣ ይበላዋል፤ ነገር ግን ገና ያልተወለዱት ድርሻ ስላለበት እንደ ወደደ ሊያጠፋው አይችልም። ጉልት ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላት መብት እንጂ መሬቱ ራሱ አይደለም። ማደሪያ ለአገልግሎት የሚሰጥ ነው፤ አገልግሎቱ ሲያበቃ ማደሪያውም ይመለሳል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አደራ የሚባል ነገር አለ። አደራ ያዥ ዕቃው በእጁ ነው፤ ይጠብቀዋል፣ ከእሳትና ከሌባም ያድነዋል፤ ነገር ግን «የእኔ ነው» ያለ ዕለት ሌባ ሆነ። እንግዲህ ስለ ቤት ስንጠይቅ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ቤት በሰው እጅ ያለው እንደ ርስት ነው? እንደ ማደሪያ ነው? ወይስ እንደ አደራ?

ወደ ፌርፊልድ እንመለስ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቀርብ ከከተማይቱ ወጡ። በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተናገሩ። ማኅበሩ ሰማ፤ አልረዳም። በዚያው ዓመት በኤውሮፓ አቆጣጠር 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ፌርፊልድን ገዙ። ከኢጣልያ ጦር የሸሸ ንጉሥ በኢጣልያ አሠራር በተሠራ ቤት ተጠጋ! ሰው ቤት ሲሠራ ለማን እንደሚሠራ አያውቅም።

ከአገሩ የወጣ ሰው ቤት የገዛ እርሳቸው የመጀመሪያው አይደሉም። አብርሃም በከነዓን ምድር መጻተኛ ሆኖ ሲኖር ምድሪቱ ሁሉ ለዘሩ ተስፋ ተሰጥታው ሳለች፣ በገንዘቡ ገዝቶ በውል የያዘው ሣራን የቀበረበትን የመክፌላን እርሻና ዋሻ ብቻ ነበር፤ ለኬጢያዊው ለኤፍሮንም አራት መቶ ሰቅል ብር መዘነለት። ኬጢያውያን በነጻ ሊሰጡት ሲሉ አብርሃም እንቢ ብሎ በሙሉ ዋጋ መግዛቱ መጻተኛ የሰው ምጽዋት ሳይሆን በሕግ የጸና ስፍራ እንደሚያስፈልገው ያሳያል። በስደት ቤት መግዛት ተስፋ መቍረጥ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም። በሰው አገር የገዛ ቤት ያለው ሰው ቢያንስ ውጣ አይባልም፤ ውጣ የማይባል ሰውም ስለ መመለስ በጸጥታ ሊያስብ ይችላል።

በፌርፊልድ የነበረው ኑሮ የንጉሥ ኑሮ አልነበረም። ቤተ ሰቡ፣ አብረው የተሰደዱት ሰዎችና ካህናት በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር፤ በግቢውም ጸሎት ይደረግ ነበር። የእንግሊዝ አገር ክረምት ከባድ ነው፤ በየክፍሉ ምድጃ ያለው ቤት ደግሞ ከሰልን እንደ እሳተ ገሞራ ይበላል። እቴጌ መነን ብርዱን ስላልቻሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ገንዘብ እያጠረ ስለ መጣ ከአገር የወጣው የብር የገበታ ዕቃ ለጨረታ ቀርቦ ተሸጠ። ንጉሠ ነገሥቱ የሕይወታቸውን ታሪክ መጻፍ የጀመሩትም በዚሁ በባዝ ነው።

አሁን ስለ ባለቤትነት የምንጠይቀውን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያበራ አንድ ነገር እንናገር። ከስደቱ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት ከአንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ጋራ የሽቦ አልባ መልእክት ውል ነበረው፤ በዚህም ውል ምክንያት ኩባንያው ለኢትዮጵያ የሚከፍለው ከ10,000 ፓውንድ የሚበልጥ ዕዳ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1938 እ.ኤ.አ. በበጋ የመጀመሪያው ዳኛ ፈረደላቸው፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በጉልበት እንደያዘች ቢያውቅም በሕግ ግን ንጉሠ ነገሥቱን የኢትዮጵያ ገዥ አድርጎ ይቀበል ስለ ነበረ ነው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ገና ሳይፈረድ፣ ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 16 ቀን 1938) የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ ተቀበለ። ከሃያ ቀን በኋላ የይግባኙ ፍርድ ቤት የፊተኛውን ፍርድ ሻረ። ገንዘቡ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ የኢትዮጵያም መንግሥት አሁን የኢጣልያ ንጉሥ ነው፤ ስለዚህ መብቱ ወደ እርሱ አልፏል ተባለ።

ይህን ፍርድ ያነበበ ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል። በዚያው ዕለት የፌርፊልድ ቤት ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልወጣም። ቤቱን የገዙት እንደ ማንኛውም ሰው በስማቸው ስለ ነበረ ሕጉ አልነካቸውም፤ የአገራቸውን ገንዘብ ግን ሕጉ ለወራሪው ሰጠው። በናቡቴ ወይን ቦታ ነገርም እንዲሁ ነበር፤ ዳኞቹ ተቀምጠው ነበር፤ ምስክሮችም ነበሩ፤ ሥርዓቱ አንድም አልጎደለም። እንግዲህ «በሕግ የእኔ ነው» ማለት ብቻ የባለቤትነትን ነገር እንደማይጨርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል? ሕግ የሚጠብቀው በመንግሥታት የታወቀውን ነው፤ የታወቀው ሁሉ ግን እውነተኛ አይደለም።

እግረ መንገዳችንን ይህንንም እናንሣ። ፌርፊልድ አዲስ ቤት ሳለ በ1860 ዓ.ም. የቪክቶሪያ ጦር ከመቅደላ ታቦታትን፣ መስቀሎችንና መጻሕፍትን ጭኖ ወስዶ ነበር፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ወደዚያው አገር ተወስዶ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ከእነዚያ ታቦታት ዐሥራ አንዱ በብሪታንያ ሙዚየም ለሰው ዓይን ሳይታዩ ተዘግተው ተቀምጠዋል። በኤድንብራ ከተማ ግን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ያስገደዳቸው ዳኛ አልነበረም፤ የያዙት የእነርሱ እንዳልሆነ አውቀው መለሱ። ያዥና ባለቤት የተለያዩ መሆናቸውን የኤድንብራ ምእመናን ያለ ፍርድ ቤት ተረዱት።

ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 17 ቀን 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር በአውሮፕላን ተነሥተው በግብጽ በኩል ወደ ሱዳን ሄዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። ፌርፊልድ ግን በእጃቸው እንዳለ ቀረ። በ1954 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን በይፋ በጎበኙ ጊዜ የባዝ ከተማ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማይቱ ሰጡ።

በዚህ ስፍራ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ልናልፈውም አይገባንም። በዚያው በ1958 እ.ኤ.አ. ገደማ በትግራይ ረኃብ ነበረ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። የድኻ አገር ንጉሥ ቤቱን ለሀብታም ከተማ አረጋውያን ይሰጣልን? በቤቱ ዋጋ እህል ተገዝቶ ለተራበው ቢታደል አይሻልም ነበርን? ይህን የሚጠይቅ ሰው ምቀኛ አይደለም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ነገሩ ለእኛ እንደሚታየን ግን ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች አሉ። አንዱ የውለታ ዕዳ ነው፤ በመከራህ ቀን ያስጠጋህን ስፍራ በደስታህ ቀን ማሰብ ነው። ሁለተኛው የምሕረት ዕዳ ነው፤ የተራበ ወንድምህን መመገብ ነው። የመጀመሪያውን የከፈለ ሁለተኛውን ከፈለ አይባልም፤ ሁለተኛውን ያልከፈለም የመጀመሪያው ስጦታው ከንቱ ነው አይባልም። የፌርፊልድ ስጦታ መልካም ነበረ፤ የትግራይ ረኃብ ግን ሌላ መዝገብ ነው፤ በዚያም መዝገብ ላይ የመንግሥቱ እጅ አጭር ሆኖ ተገኝቷል። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላም በወሎ ያው ነገር ሲደገም መንግሥቱ ራሱ ወደቀ። አንዱን መዝገብ በሌላው መሸፈን ለወዳጅም ለጠላትም የተለመደ ነው፤ እውነትን ለሚፈልግ ግን አይበጅም።

ደግሞም፦ ብዙ ቤተ መንግሥት ያለው ሰው አንድ ቤት ቢሰጥ ምን ይደንቃል የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ሁለቱን ሳንቲም የጣለችው መበለት የሰጠችው ከዚህ ይበልጣል። ነገር ግን ፌርፊልድ ከብዙዎቹ ቤቶች እንደ አንዱ የሚቈጠር አልነበረም። ሌሎቹን ቤቶች ዘውዱ ሰጥቷቸው ነበር፤ ይህን ግን ዘውዱ በተወሰደባቸው ጊዜ እንደ ማንኛውም ስደተኛ የገዙት ነው። ሰው የተቸገረበትን ስፍራ አይወድም፤ ይሸጠዋል፣ ይረሳዋል፤ ወይም ደግሞ መታሰቢያ አድርጎ ይዘጋዋል። የተቸገሩበትን ቤት ለተቸገረ መስጠት ግን ጥቂቶች የሚያደርጉት ነው።

በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በዚያ ግቢ ከጥቂት ጊዜ በፊት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሁከት ብዙ መኳንንት ተገድለውበት ነበር። ዛሬም የተማሪዎች ግቢ ነው፤ የመኝታ ክፍላቸውም በሙዚየሙ ውስጥ ለጎብኚ ይታያል። ያልሰጡት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በትንሽ የቮልስዋገን መኪና ተጭነው ለዘለዓለም የወጡበት ሆነ። በዓመቱ በነሐሴ ወር በእስር ቤት ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ከወለል ሥር ተደብቆ ኖሮ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ። ከዚህ ተነሥተን «የሰጡት ቀረላቸው፤ የያዙት ተወሰደባቸው» ብለን ደንብ ማውጣት ይቀለን ነበር። ነገር ግን ሰጥተው የተረሱ፣ ይዘውም በሰላም ያወረሱ ብዙዎች ስላሉ እንዲህ ያለውን ፍርድ እንተወዋለን።

በ1967 ዓ.ም. የሆነው ነገር በቤተ መንግሥት ብቻ አልቆመም። በየካቲት የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆኑ። ጧት ባለቤት የነበረ ሰው ማታ ተከራይ ሆነ፤ በገዛ ግቢው ዳስ ያልነበረው ጎረቤቱ በላዩ ተሾመበት። ከአከራዮቹ መካከል ድኻውን በኪራይ ያስጨነቀ ነበር፤ ልጆቿን በአንዲት ሰርቪስ ቤት ኪራይ የምታሳድግ መበለትም ነበረች፤ አዋጁ ሁለቱን አልለየም። ቤተ ክርስቲያንም መሬቷንና ቤቶቿን አጣች። እነዚያ ቤቶች እንዴት የቤተ ክርስቲያን እንደ ሆኑ ማስታወስ ይገባል። ከፊሉ ልጅ የሌላቸው ምእመናን በኑዛዜ «ለነፍሴ መታሰቢያ፣ ለድኻ መጠጊያ» ብለው የተዉት ነበር። ከዓመታት በኋላ ከቤቶቹ ከፊሉ ሲመለስ አብሮ የተመለሰው ይህ ኑዛዜ ነው። ቤቱን ተቀብሎ ኑዛዜውን አለመቀበል አይቻልም። እኛ ካህናትና የሰበካ ሹማምንት ስለ ቤት ኪራይ ስንመክር፣ የኪራዩን ልክ ከመወሰናችን በፊት ቤቱን ማን ለምን እንደ ሰጠ መጠየቅ ልማዳችን መሆን ነበረበት፤ በብዙ ስፍራ አልሆነም። የሰጭውም ስም በመዝገብ ላይ ሳይኖር ቀርቶ የኪራዩ ሂሳብ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ስጦታ ከሰጭው እጅ ሲወጣ ምን ይሆናል? የሕግ ሰዎች የሰጠ ሰጠ፤ የተቀበለ እንደ ወደደ ያድርገው ይላሉ። ለልብስና ለእህል ይህ ልክ ነው፤ ለበላው እንጀራ ማንም ሒሳብ አይጠየቅም። ለአንድ ዓላማ ተለይቶ የተሰጠ ቤት ግን በተቀባዩ እጅ አደራ ነው እንጂ ርስት አይሆንም። ሰጭው ቢሞት፣ መንግሥቱ ቢጠፋ፣ ስሙ ቢጠላ እንኳ አደራው አይሞትም። ባዝ ከተማ ይህ ነገር ደርሶባታል። ቤቱን የሰጧት ንጉሥ በ1974 እ.ኤ.አ. ከዙፋን ወረዱ፤ አገራቸውም ከእርሳቸው ስም ጋራ የተያያዘውን ሁሉ ትሽር ጀመር። «ለአረጋውያን ይሁን» የሚለውን ቃል የሚያስታውስ ሰጭ አልቀረም። ቤቱም በእርጅና ላይ ነበር፤ አሮጌ የድንጋይ ቤት ጣራው ያፈሳል፣ እንጨቱ ይነቅዛል፣ ማሞቂያው ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ እንዲህ ያለውን ቤት ሽጦ በገንዘቡ ሌላ ሥራ መሥራት ለከተማ ሹማምንት የሚቀል አሳብ ነው፤ በሌሎች ብዙ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶችም የተደረገው ይኸው ነው።

ፌርፊልድ በመጀመሪያ ለብዙ ዓመታት አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ሆኖ አገለገለ። ኋላም ያ አገልግሎት ካበቃ በኋላ ቤቱ ሌሎች አረጋውያንን ተቀበለ፤ እነርሱም በወጣትነታቸው ከካሪብያን ደሴቶች፣ ከእስያና ከሌላም አገር ወደ እንግሊዝ መጥተው በሆስፒታልና በፋብሪካ፣ በባቡርና በአውቶቡስ ሠርተው እዚያው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዱ ለልጅ ልጁ የሚናገረው እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ የእናቱን አገር ቃና አልለቀቀም። ቤቱን ሊያዩ ከሩቅ የሚመጡ ራስ ተፈራውያንም አሉ፤ የእነርሱ እምነት ከእኛ የተለየ ቢሆንም ለቤቱ ያላቸው ፍቅር ቤቱን ከመረሳት እንደ ረዳው አይካድም። አረጋውያኑ ግን ወደዚያ የሚሄዱት ስለ ታሪክ አይደለም። ብርድ በበዛበት ቀን፣ ስደተኛው ንጉሥ የከሰሉን ዋጋ ያስቡበት በነበረው ቤት ውስጥ፣ እርስ በርሳቸው እየተጫወቱ አብረው ምሳ ይበላሉ።